መዳፍ ወደ ላይ ተገልብጦ ሲቀር፦ በወሊድ ጊዜ በሚደርስ የነርቭ ጉዳት ስለሚጣመም ክንድ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ስለ አንድ ችግር የተጻፉ ናቸው። ሲወለዱ ትከሻቸው ተይዞ የእጃቸው ነርቭ የተጎዳ፣ በኋላ ክርናቸውን ማጠፍ ቢጀምሩም መዳፋቸው ወደ ላይ እንደተገለበጠ የቀረ ልጆች አሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙዎችን ጥያቄ ስለያዘ መልሱን ረዘም አድርገነዋል፤ ሌሎቻችሁም እሱን አስቀድማችሁ ብታነቡ ይጠቅማችኋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ስትወለድ ከ4 ኪሎ በላይ ነበረች፤ ጭንቅላቷ ከወጣ በኋላ ትከሻዋ ተይዞ በብዙ መከራ ነው የተገላገልኳት። ቀኝ እጇ ለወራት ዝሎ ተንጠልጥሎ ቆየ። ዓመት ሊሞላት ሲል ክርኗን ማጠፍ ጀመረች፤ ዳነች ብለን ደስ አለን። አሁን ግን መዳፏ ሁልጊዜ ወደ ላይ ያያል፤ ወደ ታች ማዞር አቅቷታል። እንጀራ መቁረስ፣ ደብተር ላይ መጻፍ አልሆነላትም። አንዱ ሐኪም አጥንቱ ተቆርጦ ይዞራል አለን፤ ሌላው ጅማቱ ነው የሚዞረው አለን። የቱን እንመን? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሁለቱም ሐኪሞች የነገሩዎት ትክክለኛ ሕክምና ነው። ለልጅዎ የትኛው እንደሚሆን የሚለየው ግን አንድ ነገር ነው፤ ክንዷ በሌላ ሰው እጅ ሲዞር እሺ ይላል ወይስ አይልም?

ችግሩ እንዴት እንደመጣ ካወቁ ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ይገባዎታል። እጅን የሚያዙት ነርቮች ከአንገትና ከደረት መጀመሪያ በአምስት ሥር ይወጣሉ። የላይኞቹ ሁለት ሥሮች ትከሻንና ክርን ማጠፍን፣ የታችኞቹ ደግሞ በአብዛኛው የእጅ አንጓንና ጣቶችን ያዛሉ። የልጅዎ ዓይነት ክንድ የሚመጣው ጉዳቱ ከላይ አልፎ ወደ ታችኞቹም ደርሶ፣ በኋላ የላይኞቹ ሲያገግሙ የታችኞቹ ሲቀሩ ነው። ባይሴፕስ የሚባለው የላይኛው ክንድ ጡንቻ ክርን ከማጠፍ ሌላ መዳፍን ወደ ላይ የመገልበጥም ሥራ አለው። መዳፍን ወደ ታች የሚመልሱት ጡንቻዎች ግን የሚታዘዙት ከመካከለኛውና ከታችኞቹ ሥሮች ስለሆነ ደክመው ቀርተዋል። ገመድ ጉተታ ላይ አንዱ ወገን ገመዱን እንደለቀቀ ቁጠሩት። ያን ጊዜ ያስደሰታችሁ የክርን መታጠፍ እውነተኛ መዳን ነበር፤ ነገር ግን ያው ጡንቻ ተቃዋሚ አጥቶ ክንዱን ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ኖረ።

ጉተታው ለዓመታት ሲቀጥል ጉዳቱ ከጡንቻ አልፎ ወደ ሌላው አካል ይደርሳል። ክንድ ውስጥ ራዲየስና አልና የሚባሉ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ በመካከላቸው ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን ተዘርግቷል። መጀመሪያ ይህ ሽፋን ያጥራል። ቀጥሎ ራዲየስ ይጎብጣል። መጨረሻ ላይ የራዲየስ ጭንቅላት ክርን ላይ ካለበት ቦታ ይወልቃል። ሕክምናው በየደረጃው ይለያያል፤ ሁለቱ ሐኪሞች የተለያየ ነገር የነገሩዎትም ክንዱን በተለያየ ደረጃ ላይ ያለ አድርገው ስላዩት ሊሆን ይችላል።

ምርመራውን እርስዎም ቤት ውስጥ ማየት ይችላሉ። ልጅቷ ቁጭ ብላ ላይኛ ክንዷን ከጎኗ ታጣብቅ፤ ክርኗን በማዕዘን፣ ማለትም 90 ዲግሪ፣ ታጥፍ። ከአንጓዋ ትንሽ ከፍ ብለው ሁለቱን አጥንቶች አንድ ላይ ይያዙና መዳፉ ወደ ታች እንዲያይ በቀስታ ያዙሩ። መዳፏን ይዘው አያዙሩ፤ አንጓው ራሱ ትንሽ ስለሚዞር ክንዱ የዞረ ይመስላል። ክርኗም ከጎኗ መራቅ የለበትም፤ ልጆች ትከሻቸውን ከፍ አድርገው መዳፋቸውን ወደ ታች ያስመስላሉ፤ ወላጅ ብቻ ሳይሆን ባለሙያም በዚህ ይሳሳታል። አውራ ጣት ወደ ጣሪያ ሲያይ ዜሮ ብለን እንነሳለን። ጤነኛ ክንድ ከዚያ ወደ ታችም ወደ ላይም 80 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ በየአቅጣጫው 50 ዲግሪ ይበቃል።

ክንዱ በእርስዎ እጅ ሲዞር ከዜሮ አልፎ በደንብ ወደ ታች ከሄደ መንገዱ አልተዘጋም፤ የጎደለው የሚያዞረው ኃይል ብቻ ነው። ለዚህ የሚሆነው የባይሴፕስን ጅማት አቅጣጫ መቀየር ነው፤ ያን ጊዜ ያው ጡንቻ መዳፍን ወደ ታች ያዞራል። ዜሮ ላይ እንኳ ሳይደርስ ጥርቅም ብሎ ከቆመ ግን ጅማት ቢዞርም የሚያዞረው ነገር የለም፤ አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ተሻለ አቀማመጥ መዞር አለበት። በመካከል ላሉት ሐኪሙ ሁለቱን ሊያጣምር ይችላል። በእኛ አስተያየት በ6 ዓመት ዕድሜ፣ ክንዱ ገና የሚዞር ከሆነ፣ ጅማቱን አለመጠቀም ትልቅ ዕድል ማባከን ነው፤ አጥንት መቁረጥ አቀማመጥን ይቀይራል እንጂ ልጅቷ በራሷ ኃይል እንድታዞር አያደርግም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ራጅ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ ክርኑ ከፊትና ከትክክለኛ ጎን፣ ክንዱ ደግሞ ከክርን እስከ አንጓ። በራዲየስ አንገት መካከል የሚሰመር መስመር በየትኛውም ራጅ ላይ በካፒቴለም፣ ማለትም በላይኛው ክንድ አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ ባለው ክብ ክፍል፣ መካከል ማለፍ አለበት። ካላለፈ የራዲየስ ጭንቅላት ቦታውን ለቋል፤ ያን ጊዜ የጅማት ሥራ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው የሚታየው የባይሴፕስ ጉልበት ነው፤ ልጅቷ እጇ ሲገፋ እየተቋቋመች ክርኗን ማጠፍ መቻል አለባት። ደካማ ጡንቻ አቅጣጫው ሲቀየር ይበልጥ ይደክማል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው፤ አንጓ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን አንጓው በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይተኛል። ክንዱ ወደ ታች ሲዞር ደግሞ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ከደከሙ እጁ ይወድቃል፤ ጣቶችም ጨብጠው መያዝ ያቅታቸዋል። ይህ አስቀድሞ ከታየ የአንጓ መደገፊያ ወይም ሌላ የጅማት ዝውውር አብሮ ይታቀዳል።

ሐኪሞች አጥንት ሲያዞሩ መዳፉን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች አይገለብጡትም፤ ከዜሮ ወደ ታች 20 እስከ 30 ዲግሪ ላይ ያቆማሉ። ከትሪ ላይ እንጀራ ለመቁረስ፣ ብዕር ይዞ ለመጻፍ ያ ይበቃል፤ የቆረሱትን ወደ አፍ ለመውሰድ ደግሞ እጁ ትንሽ ወደ ላይ መመለስ ይፈልጋል። ከመጠን በላይ የተገለበጠ ክንድ መቁረስ ይችላል፣ መጉረስ ግን ያስቸግረዋል። ልጅዎ እስካሁን በግራ እጇ መብላትና መጻፍ ለምዳ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በግራዋ እንዳትጠቀም አያስገድዷት፤ ቀኟ ደብተር የሚይዝ፣ ዕቃ የሚደግፍ ጥሩ ረዳት ከሆነ ብዙ አትርፋለች።

አዲስ አበባ ያለው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል የልጆችን የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የኦርቶፔዲክስ (የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና) ክፍል አለው። ሪፈር ሲጽፉልዎ "የክንድ መጣመም" ብቻ ሳይሆን በወሊድ ጊዜ የደረሰ የነርቭ ጉዳት እንደሆነና ክንዱ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር እንዲጻፍ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የኦርቶፔዲክስ ሬዚደንት ነኝ። የባይሴፕስ ጅማት አቅጣጫ የመቀየሩን ሥራ በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቀው። ዋና ዋና እርምጃዎቹንና የሚበላሽበትን ቦታ ብትነግሩኝ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይህን ሥራ በሰፊው ያስተዋወቀው አርጀንቲናዊው ኤድዋርዶ ዛንኮሊ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ሽፋንም አብሮ ያላቅቅ ነበር። ዛሬ ክንዱ የማይዞር ሲሆን ብዙዎች ሽፋኑን ከማላቀቅ ይልቅ አጥንት መቁረጥን ይመርጣሉ፤ የተላቀቀ ሽፋን ጠባሳ ይዞ ተመልሶ ሊያጥር ይችላልና።

ከማደንዘዣ በፊት ልጁ ጣቶቹንና አውራ ጣቱን መዘርጋት መቻል አለመቻሉን መዝግቡ። ከሥራው በኋላ ጣት ካልተዘረጋ "ቀድሞም እንዲህ ነበር ወይስ እኛ ጎድተነው?" ለሚለው መልስ የሚሆን ሌላ ማስረጃ አይኖራችሁም።

ክርን እጥፋት ላይ ቆዳው በተጠማዘዘ ወይም በዚግዛግ መስመር ይከፈታል፤ እጥፋቱን ቀጥ ብሎ አቋርጦ የሚወርድ ጠባሳ ሲያጥር ክርኑ እንዳይዘረጋ ይይዛል። ከባይሴፕስ ጅማት በውጭ በኩል የክንድ ቆዳን ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ይወጣል፤ አስቀድማችሁ ፈልጋችሁ በጎማ ያዙት። ከጅማቱ ወደ ውስጥ በኩል የሚሰራጨውን ላሰርተስ የሚባለውን ስስ ሽፋን ቁረጡ፤ ከሥሩ የክንድ ደም ቅዳና ሚድያን ነርቭ ስላሉ በመቀስ ጫፍ ከፍ እያደረጋችሁ እንጂ በጭፍን አይሁን። ከዚያ ክንዱን ወደ ላይ ገልብጣችሁ ጅማቱን ራዲየስ ላይ እስከሚተከልበት ጉብታ ድረስ ግለጡ።

ጅማቱ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቅና በተቃራኒ ጫፎች ይቆረጣል፤ አንዱ ክፍል አጥንቱ ላይ እንደተተከለ፣ ሌላው ከጡንቻው ጋር ይቀራል። ስንጥቁ ጡንቻው ከሚያልቅበት እስከ ጉብታው ድረስ የሚገኘውን ቁመት ሁሉ መጠቀም አለበት። አጥንቱ ላይ የቀረው ክፍል በራዲየስ አንገት ዙሪያ ከውስጥ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ውጭ ዞሮ ተመልሶ ከጡንቻው ክፍል ጋር ሊገናኝ ስለሆነ አጭር ከሆነ አይደርስም። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያስተጓጉለው ይህ ነው።

ጅማቱን የምታሳልፉበት የታጠፈ ክላምፕ ጫፉ ከአጥንቱ ሳይለይ መሄድ አለበት። ጣቶችን የሚዘረጉትን ጡንቻዎች የሚያዘው ፖስቲሪየር ኢንተርኦሲየስ ነርቭ ሱፒኔተር በሚባለው ጡንቻ ውስጥ የራዲየስን አንገት ይዞራል፤ ክላምፑ ከአጥንት ርቆ ጡንቻ ከያዘ ነርቩም በጅማቱ ሥር ይታነቃል። ጥርጣሬ ካለ በውጭ በኩል ሌላ ትንሽ መክፈቻ አድርጎ ነርቩን በዓይን ማየት ይሻላል።

ከመስፋት በፊት የዞረውን ጅማት ሳቡት። መዳፉ ወደ ታች መዞር አለበት። ወደ ላይ ከዞረ ጅማቱ በተሳሳተ አቅጣጫ ነው ያለፈው። ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ ክንዱ እስከሚችለው ወደ ታች ዞሮ፣ ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን በማይሟሟ ጠንካራ ክር በብዙ ቦታ ይሰፋሉ። ደም ለማገድ የታሰረው ቱርኒኬ ተለቆ የአንጓ ትርታ ይታያል፤ ከብብት በታች ጀምሮ ክርንን የሚያልፍ ጄሶ በዚያው አቀማመጥ ይደረጋል፤ እብጠት እንዳያንቀው ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል።

በጣም ተወጥሮ ከተሰፋ ክርኑ አይዘረጋም፤ ላልቶ ከተሰፋ ክርን የማጠፍ ጉልበት ይቀንሳል። ከሥራው በፊት ክርኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ሳይዘረጋ የቀረ ከሆነ መጀመሪያ በተከታታይ ጄሶ ማላላት ይሻላል። በእጅ የማይዞር ክንድ ላይ ይህን ሥራ ብቻውን መሥራት ግን ውጤት የለውም፤ አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቱ እያለ የክንዱ አጥንት ተቆርጦ ዞሮለት ነበር፤ መዳፉ ወደ ታች ሆኖ በጣም ተደስተን ነበር። አሁን 8 ዓመቱ ሲሆን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተመልሷል። ሥራው ተበላሽቶ ነው? (አባት፣ ከሪያድ)

መልስ፦ የግድ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። አጥንቱ ዞረ እንጂ የሚጎትተው ባይሴፕስ እንዳለ ነው። የትንሽ ልጅ አጥንት ደግሞ እያደገ ሲሄድ በሚጎተትበት አቅጣጫ ቅርጹን ይለውጣል። ልጁ ትንሽ በሆነ ቁጥር የሚቀረው የዕድገት ዘመን ረጅም ስለሆነ የመመለሱ ዕድል ይሰፋል። አጥንትን የማዞር ሥራ ጥንታዊ ነው፤ አሜሪካዊው ዋልተር ብላውንት በ1940 እ.ኤ.አ. የልጆችን ክንድ አጥንት ቀዶ ሳይከፍት ሰብሮ በጄሶ ስለማስተካከል ጽፎ ነበር። የመመለሱ ችግርም ከሥራው ጋር አብሮ የኖረ ነው።

አሁን የሚደረገው በመጀመሪያው መልስ ላይ የገለጽነውን ምርመራ እንደገና ማድረግ ነው። ክንዱ በእጅ ሲዞር ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ባይሴፕሱን ከጎታችነት ወደ አጋዥነት መቀየር ይቻላል። የማይሄድ ከሆነ አጥንቱ ዳግመኛ ይዞራል፤ በዚያው ወይም በተከታይ ቀዶ ሕክምና የባይሴፕሱ አቅጣጫ ካልተቀየረ ግን ያው ታሪክ ሊደገም ይችላል። ሐኪሙን "ጎታቹን ጡንቻ ምን ልታደርጉት ነው?" ብለው ይጠይቁ።

ለሁለተኛው ሥራ እንዲረዳዎ ስለ አጥንቱ ጥቂት እንበል። የሚዞረው መጠን መካከለኛ ሲሆን ራዲየስን ብቻ መቁረጥ ይበቃል፤ ብዙ መዞር ሲያስፈልግ ወይም በመካከል ያለው ሽፋን አልላላ ሲል አልናም አብሮ ይቆረጣል። ከዞረ በኋላ በብረት ፕሌት ይታሰራል፤ ከቁርጡ በላይና በታች ሦስት ሦስት ብሎን ቢኖር ጥሩ ይይዛል። በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ብቻውን አጥንቱን በቁመት ያሰልፈዋል እንጂ እንዳይዞር አይዘውም፤ ስለዚህ ያ ሲደረግ ከክርን በላይ የሚያልፈው ጄሶ የግድ ነው። አጥንቱ እስኪገጥም 6 ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ ጄሶው የሚወጣው በራጅ ላይ አዲስ አጥንት ከታየ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ንቁ ይሁኑ። ክንድ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲዞር ጡንቻዎቹ አብጠው በራሳቸው ሽፋን ውስጥ ሊታፈኑ ይችላሉ። ምልክቱ በማስታገሻ የማይበርድ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመምና ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው የሚያስጮህ ስቃይ ነው። የእነዚህ ልጆች እጅ ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ልጁ ባያለቅስም ጣቶቹ ካበጡ፣ ከነጡ ወይም ከጠነከሩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይመለሱ። ጄሶው ወዲያው መከፈት አለበት፤ እስከ ጠዋት ይቆይ የሚልዎትን ሰው አይስሙ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጃችን ትከሻውም ወደ ውስጥ ዞሮ ቀርቷል፤ መዳፉም ወደ ላይ ነው። የትኛው ይቅደም? (ቤተሰብ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሐኪም ሳይወስን የትኛውንም አታስጀምሩ። ልጃችሁ መዳፉን ወደ ታች ለማድረግ የሚጠቀምበት ዘዴ ትከሻውን ወደ ውስጥ አዙሮ ክርኑን ወደ ጎን ማንሳት ሊሆን ይችላል። ትከሻው ወደ ውጭ እንዲዞር በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ ይህ ዘዴ ይወሰድበታል፤ መዳፉም ከበፊቱ የባሰ ወደ ላይ ያያል። በትከሻ ሥራ ደስ ሳይላቸው ከሚቀሩት ልጆች አንዳንዶቹ ክንዳቸው አስቀድሞ ያልታሰበላቸው ናቸው። ሐኪሙ ፊት ልጁ ሲጽፍ፣ ሲበላና ኳስ ሲይዝ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ልጆች ተጨንቀው እውነተኛ እንቅስቃሴያቸውን አያሳዩም።

ጥያቄ፦ 20 ዓመቴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ግራ መዳፌ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል፤ ጣቶቼ ትንሽ ይጨብጣሉ። ጊዜው አልፎብኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ለነርቭ ቀዶ ሕክምና አዎ፣ ጊዜው አልፏል፤ እሱ የሚሠራው በሕፃንነት ነው። ለክንድህ አቀማመጥ ግን አላለፈም። በአንተ ዕድሜ ክንዱ ብዙ ጊዜ ደርቆ ስለሚገኝ የሚታሰበው አጥንትን ማዞር ነው፤ አጥንትህ ማደግ ስላቆመ እንደ ሕፃን አጥንት ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ይህ ለአንተ ጥቅም ነው። የምታገኘው አቀማመጥ መሆኑን ግን ከወዲሁ እወቀው፤ መዳፍህ ኪቦርድ ላይ ያርፋል፣ ወረቀት ይይዛል፣ ብስክሌት መሪ ላይ ይቀመጣል፤ ወደ ላይና ወደ ታች በራሱ አይገለባበጥም፤ የጣቶችህም ጉልበት አይጨምርም። የራዲየስ ጭንቅላት ወልቆ ክርንህን የሚያሳምም ከሆነ ሁለቱን አጥንቶች አንድ አድርጎ ማጋጠም የሚባል አማራጭም አለ፤ ያ የክንድን መዞር ለዘለቄታው ስለሚዘጋ ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ ነው የሚመከረው። የእጁ መልክ ብቻ ቢሆንም ያስጨነቀህ ይህን ለሐኪሙ ለመንገር አትፈር፤ ሰው ፊት እጁን ኪሱ ውስጥ የሚደብቅ ሰው በቂ ምክንያት አለው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ሳምንቱ ነው። ሲወለድ ትከሻው ተይዞ አንድ እጁ አይንቀሳቀስም። ቤተሰብ ወጌሻ ጋ ወስደን እናሳሽ ይሉኛል። እዚህ ደረጃ እንዳይደርስ ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወጌሻ ጋ አይውሰዱት። የተጎዳው አንገት ሥር ያለ ነርቭ ነው፤ እጁ ቢታሽም ነርቩ ጋ አይደርስም፤ በቀርከሃ ታስሮ ጠብቆ ከቆየ ደግሞ ደም ተከልክሎ እጁ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ሳምንት ሕፃኑን ለሐኪም ያሳዩ። በወሊድ ጊዜ የአንገት ሥር አጥንት ተሰብሮም ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይነሳል። እንዲህ ዓይነት ስብራት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ብቻ ረጋ ብሎ መያዝን ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ዳይፐር በቀየሩ ቁጥር መገጣጠሚያዎቹን በቀስታ ያንቀሳቅሱ፤ ትከሻው ወደ ጎንና ወደ ውጭ፣ ክርኑ ታጥፎ ሲዘረጋ፣ መዳፉ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ አንጓና ጣቶች አንድ በአንድ፤ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ያህል። መዳፍን ወደ ታች ማዞር አይርሱ፤ ክርኑ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። ልብስ ሲያለብሱት የታመመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይሁን። ብብቱ ሥር ይዘው ወይም እጁን ጎትተው አያንሱት።

ቀኑን ይቁጠሩ። 3 ወር ሲሞላው ክርኑን በራሱ ኃይል ወደ አፉ ማጠፍ ካልጀመረ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። መላው እጅ ጣቶቹን ጨምሮ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ወይም በዚያው ወገን የዓይኑ ቆብ ወርዶ ብሌኑም ከሌላው ካነሰ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ያን ጊዜ ሪፈር ለማግኘት 3 ወር እስኪሞላው እንኳ አይጠብቁ። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ የሚሠራ ሲሆን፣ ከባት ኋላ የተወሰደ የስሜት ነርቭ ለተበጠሰው ድልድይ ይደረግለታል። ብዙ ሕፃናት ያለ ቀዶ ሕክምና ያገግማሉ፤ የእርስዎ ልጅ ከእነሱ አንዱ መሆኑ የሚታወቀው ግን በየወሩ በሚደረግ ምርመራ ነው።

ጥያቄ፦ ልጃችን የባይሴፕስ ጅማቷ አቅጣጫ ተቀይሮላት ጄሶ ላይ ናት። ከጄሶ በኋላ ምን እንጠብቅ? (አያት፣ ከመቀሌ)

መልስ፦ ጄሶው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ሲወጣ ክርኗ ደርቆ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ሰው በኃይል አይዘርጋት፣ አዲሱ ስፌት ሊበጠስ ይችላል። ልጅቷ ራሷ እያጠፈች እየዘረጋች ታላላው።

አዲሱን ሥራ የምትማረው በጨዋታ ነው። ባይሴፕስ አሁን ክርን ሲያጥፍ መዳፍንም ወደ ታች ስለሚያዞር ሁለቱን አንድ ላይ ያለማምዷት፤ ጠረጴዛ ላይ የተገለበጡ ካርታዎችን ማዞር፣ በመዳፍ ሊጥ መጫን፣ ከትሪ ላይ እንጀራ መቁረስ። ለአጭር ጊዜ በቀን ደጋግሞ ማሠራት አንድ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ከማድከም ይሻላል። ሌሊት ክንዱን ወደ ታች አዙሮ የሚይዝ መደገፊያ ከ3 እስከ 6 ወር ትልበስ፤ ብዙ ቤተሰብ እጁ ሲሻል ቀድሞ ይተወዋል፣ ክንዱም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ውኃ መቅዳት፣ ከባድ ቦርሳ መሸከምና መታገል ለ3 ወር ይቅርባት። ጣቶቿን ከጄሶው በፊት ትዘረጋ ከነበረና አሁን ካቃታት ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ ለሠራት ሐኪም ያሳዩ።